ኳስ በታቦት ማግስት

የቆየ ወረቀት ሳገላብጥ የራሴን ጽሑፍ ካገኘሁ አብዛኛውን ጊዜ አላነበውም፤ አጥፌ ወደነበረበት እመልሰዋለሁ። በቀደም ግን አንዲት የደብተር ቅጠል እጄ ላይ ቀረች። አናቷ ላይ «የጥር 13 ተአምር» ይላል። ከሥሩ «መስቀል ፍላወር፤ ሰኞ ማታ፤ 2005 ዓ.ም.» ተብሎ ተጽፏል። ያልታተመች ናት፤ እንኳንም አልታተመች። እነሆ ዛሬ ሂስ የምጽፈው በእሷው ላይ ነው። ይህን የማደርገው ከትሕትና አይደለም። በዚያ ሰሞን በሬዲዮ የተባለው፣ በጋዜጣ የተጻፈው፣ በየመጠጥ ቤቱ የተጮኸው ሁሉ በአንድ ገጽ ተጨምቆ ስላገኘሁት ነው። የብዙ ሰው ጥፋት በአንድ ሰው የእጅ ጽሕፈት ከተገኘ ለሃያሲ ከዚህ የበለጠ ሲሳይ ከየት ይመጣል?

አንባቢ ነገሩን ባይረሳውም ቅደም ተከተሉን ላስታውስ። ብሔራዊ ቡድናችን ከ1974ቱ የሊቢያ የአፍሪካ ዋንጫ ወዲህ 31 ዓመት ሙሉ ደጅ ሲጠና ኖሯል። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. እሑድ በአዲስ አበባ ስታዲየም ሱዳንን 2 ለ 0 አሸነፈ። በሱዳን ሜዳ 5 ለ 3 ተሸንፎ ስለነበር ድምሩ 5 ለ 5 ሆነ፤ በሰው ሜዳ ያገባቸው 3 ግቦች አሳለፉት። የዚያን ዕለት ግቦች ያስቆጠሩት አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰይድ ናቸው። ከዚያ በኋላ 3 ወር ጥበቃ ነበር። ጥር 11 ቅዳሜ ጥምቀት ዋለ፤ በዚያው ቀን ደቡብ አፍሪካና ኬፕ ቨርዴ ጆሃንስበርግ ላይ ባዶ ለባዶ ተለያይተው ውድድሩ ተከፈተ። ጥር 12 እሑድ ቃና ዘገሊላ ሆነ፤ ሚካኤልም ወደ መንበሩ ገባ። ጥር 13 ሰኞ ሲመሻሽ የእኛ ተራ ደረሰ፤ ኔልስፕሩት ላይ፣ ዋንጫውን ከያዘችው ከዛምቢያ ጋር።

እኔ የተመለከትኩት መስቀል ፍላወር፣ ዲ.ኤስ.ቲቪ ባስገባ አንድ ጠባብ ቤት ውስጥ ነው። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከሆቴሉ ነው፤ ግማሹ አማርኛ ግማሹ እንግሊዝኛ ነው። አደይ አበባን በደህናው ስሟ ጠርተን «አደይ» ብንለው ምን ይጎድል እንደነበር ዛሬም አይገባኝም፤ ለነገሩ የሆቴል ስም በጉባኤ አይወጣም። ያን ዕለት ማታ ቤቱ ውስጥ ነጠላና የቡድኑ ማልያ አንድ ላይ የደረቡ ወጣቶች ነበሩ። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ የሚባለው ተረት በእነሱ ላይ ሌላ ትርጉም አግኝቶ ነበር፤ የበዓሉ ልብስ ሳይወልቅ ኳሱ ደርሶበታል። ድራፍት ይቀዳል፣ ጭሱ ዐይን ያቃጥላል፣ ወንበር አልበቃ ብሎ የለስላሳ ሣጥን ተገልብጧል። ከጎኔ ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ተቀምጠዋል። ሙስሊም ናቸው፤ ሻያቸውን ይዘው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው።

ጨዋታው እንደሚታወቀው ነው። ሳላዲን ፍጹም ቅጣት ምት አግኝቶ የዛምቢያው ግብ ጠባቂ ኬኔዲ ምዊኔ አዳነበት። ቀጥሎ የእኛው ግብ ጠባቂ ጀማል ጣሰው ቀይ ካርድ አየ። በስታዲየሙ የነበሩት ያገራችን ልጆች ተቆጥተው ቩቩዜላቸውን ወደ ሜዳ ወረወሩ፤ ጨዋታውም ተቋረጠ። የመጀመሪያው አጋማሽ ሊያልቅ ሲል ግብ ተቆጠረብን። ከዕረፍት መልስ በ10 ሰው አዳነ ግርማ አስተካከለ፤ 1 ለ 1 አለቀ። ቤቱ ተናወጠ። እኔም ራሴ ሳላውቀው የሚካኤልን ስም እየጠራሁ ሣጥን ላይ ወጥቼ ነበር።

ወደ ቅጠሏ ልመለስ። 1 ገጽ ሙሉ ናት፤ «ተአምር» የሚለው ቃል 7 ጊዜ ይገኝባታል፤ ዛሬ ቆጠርኩት። «ጸሎታችን ተሰማ» 2 ጊዜ። «በታቦቱ ማግስት» 3 ጊዜ፤ ሦስተኛው ላይ ከሥሩ አስምሬበታለሁ። የአዳነ ግርማ ስም 1 ጊዜ ብቻ አለ፤ ያውም እንደ መሣሪያ፣ «በአዳነ እግር ተሠራ» በሚል። አሠልጣኙ ሰውነት ቢሻው ጭራሽ የለም። ከ50 ደቂቃ በላይ ለ11 ሰው የተሠራውን ሜዳ በ10 ሰው የሸፈኑት ተከላካዮችና አማካዮች በስም አልተጠሩም። አንባቢዬ እንዲህ ካለ ጽሑፍ ስለ ጨዋታው አንድ ነገር ሊያውቅ አይችልም፤ ስለ ጸሐፊው ስሜት ግን ከበቂ በላይ ያውቃል።

ጥፋቱ ሃይማኖት ከኳስ መቀላቀሉ ነው የሚል ሰው ይኖራል። እኔ እንደዚያ አላምንም። በዚህ አገር ጨዋታና በዓል ተነጣጥለው አያውቁም። የገና ጨዋታ የሚባለው የልደት በዓል ጨዋታ ነው፤ እረኞች የጌታን መወለድ ሲሰሙ በደስታ ሩሯን በበትራቸው እንደመቱ ይነገራል፤ በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ የሚባለውም ሎሌና ጌታ እኩል የሚራገጡበት ቀን ስለሆነ ነው። ጃንሜዳን ተመልከቱ። የጥምቀት ታቦታት የሚያድሩበት፣ ባሕረ ጥምቀቱ ያለበት ሜዳ ነው፤ አገር አቋራጭ ሩጫ የሚሮጥበት፣ ኳስ የሚጫወቱበት ሜዳም ነው። በአንዱ መስክ ጠበልና የግብ ቋሚ ጎን ለጎን ኖረዋል። በ2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ጊዜ የአትክልት ተራ ገበያ ሲዛወርበት ምእመኑም ስፖርተኛውም አንድ ላይ ያዘኑት ለዚህ ነው። የቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብም ያው ነው። በ1928 ዓ.ም. አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ ሲመሠርቱት የአራዳውን ሰፈርና የሰማዕቱን ስም ሰጡት፤ ደጋፊዎቹም ተጫዋቾቹም ከየሃይማኖቱ ናቸው፤ «ፈረሰኞቹ» ሲባል ግን በሥዕሉ ላይ ያለው ነጭ ፈረስ በሁሉም ዐይን ላይ ይመጣል። ስም እስከሆነ ድረስ ሁሉም ይካፈለዋል። ችግሩ የሚጀምረው ስሙ የውጤቱ ምክንያት ሆኖ ሲቀርብ ነው።

ይህ የእኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ኢንዲያና ክፍለ ሀገር በኖትር ዳም ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ግድግዳ ላይ እጆቹን የዘረጋ የክርስቶስ ትልቅ ሥዕል አለ። ከኮሌጁ የእግር ኳስ ስታዲየም ስለሚታይ፣ በእነሱ ጨዋታ ነጥብ ሲቆጠር ዳኛው እጁን ወደ ላይ እንደሚያነሣው ነውና፣ ተመልካቹ በነጥቡ ስም ይጠራዋል። ማራዶና በ1978 ዓ.ም. ሜክሲኮ ላይ በእንግሊዝ መረብ ያስገባትን ኳስ በእግዚአብሔር እጅ ማመካኘቱንም ዓለም ያውቃል፤ እሱ እንኳ ስሙን የጠራው የራሱን ሥራ ለመካድ ሳይሆን የራሱን ስርቆት ለማሳመር ነው። የኖትር ዳም ሰዎች ይቀልዳሉ፤ ማራዶና ያሾፋል። እኛ ግን አልቀለድንም። ከልባችን ነበር፤ የነገሩ ክብደትም እዚህ ላይ ነው።

እስቲ በራሳችን ሥነ ጽሑፍ ሚዛን እንየው። ተአምርና ገድል በእኛ ዘንድ የተለያዩ የጽሑፍ ዐይነቶች ናቸው። በተአምር ውስጥ ሰውየው ይቸገራል፣ ይለምናል፣ ይደረግለታል። እሱ የሚያደርገው ነገር የለም፤ ሊኖርም አይገባም፤ ቢኖር ተአምርነቱ ይቀንሳል። በገድል ግን ሥጋ ይደክማል። አቡነ ተክለ ሃይማኖት እግራቸው እስኪሰበር የቆሙት በገድላቸው ውስጥ ነው። ኪዳኑ የሚመጣው ከድካሙ በኋላ ነው፤ ድካሙም በቀንና በቁጥር ይተረካል። እንግዲህ በ10 ሰው የሻምፒዮኑን ቡድን ይዞ መውጣት የትኛው ነው? ገድል ነው። እኔና የዘመኔ ዘጋቢዎች ግን ገድሉን ወስደን ተአምር አልነው። ቃሉ ከፍ ያለ ስለመሰለን ሰዎቹን ዝቅ አደረግንበት። አንድ ተማሪ ይህን ቢያደርግ የአማርኛ መምህሩ በቀይ ብዕር ያሰምርበት ነበር።

የሚገርመው ቀኑ ነው። ከዚያ በፊት በ51 ዓመት፣ በ1954 ዓ.ም.፣ 3ኛው የአፍሪካ ዋንጫ የተካሄደው እዚሁ አዲስ አበባ ነበር፤ የፍጻሜው ቀንም ጥር 13፣ እሑድ። ያኔም ኳሱና ታቦቱ እየተጠላለፉ ነበር የሄዱት። ጥር 6 ኢትዮጵያ ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸነፈች። ጥር 10፣ ታቦታቱ በሚወጡበት በከተራ፣ የተባበረው ዐረብ ሪፐብሊክ የሚባለው የግብፅ ቡድን ዩጋንዳን 2 ለ 1 ረታ። ጥር 12 ቱኒዚያና ዩጋንዳ ለ3ኛነት ተጋጠሙ። በማግስቱ ፍጻሜው ሆነ። ግብፆች 2 ጊዜ መሩ፣ 2 ጊዜ ተደረሰባቸው፤ በተጨማሪ ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አገቡና 4 ለ 2 አለቀ። ንጉሠ ነገሥቱ ዋንጫውን ለአምበሉ ለሉቺያኖ ቫሳሎ ሰጡት።

ይህ ፍጻሜ ከሃይማኖት ጋር ሊያያዝ ቢፈለግ ኖሮ ከ2005ቱ ይልቅ ምክንያት ነበረው። ለብዙ መቶ ዘመናት ጳጳስ የሚመጣልን ከግብፅ ነበር። የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፓትርያርክ አቡነ ባስልዮስ በካይሮ የተሾሙት ሰኔ 21 ቀን 1951 ዓ.ም. ነው። ከዚያ 3 ዓመት ሳይሞላ ነው እንግዲህ ግብፅን በገዛ ሜዳችን የረታነው፤ ያውም በ1949 ዓ.ም. በመጀመሪያው ዋንጫ ፍጻሜ 4 ለ 0 የቀጣችንን ቡድን። ቤተ ክርስቲያኒቱ በራሷ ቆመች፣ ኳሱም በራሱ ቆመ ብሎ ማጋጠም ለቅኔ የሚመች ነገር ነው። ለቅኔ ካነሣን ቡድኑን የመሩት ይድነቃቸው ተሰማ የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ልጅ ናቸው፤ አባት በቅኔና በማሲንቆ፣ ልጅ በኳስ። በኋላ ከ1960ዎቹ እስከ 1979 ዓ.ም. ዕረፍታቸው ድረስ የአፍሪካን እግር ኳስ የመሩ ሰው ናቸው። እሳቸውን በመሰለ ሰው የተሠራ ድል ደግሞ «ተሰጠን» ቢባል እርግጠኛ ነኝ በቁጣ ይነሡ ነበር።

የ1954ቱን ድል ከሽማግሌዎች አፍ ሰምቼ አድጌአለሁ። ሲያወሩት የሚቀድመው ጥምቀቱ ነው፤ ከተማው ነጭ መልበሱ፣ ጃንሆይ ዋንጫውን ማንሣታቸው። የሉቺያኖ ስም ሲመጣ ግን ድምፅ ዝግ ይላል። አባቱ ጣሊያን፣ እናቱ ኤርትራዊት፤ በደርግ ዘመን ከአገር ወጥቶ መስከረም 2015 ዓ.ም. በኢጣሊያ ዐረፈ። አምበላችን ነበር፤ በዚያ ቀን 84ኛው ደቂቃ ላይ አቻ ያደረገችንን ግብ ያገባው እሱ ነው። እሷ ግብ ባትኖር ተጨማሪ ሰዓት የለም። ድሉ ከሰማይ የወረደ ሲሆን የሰውየውን ዕዳ መክፈል አያስፈልግም፤ ከሰማይ ለወረደ ነገር ማን ደመወዝ ይቆርጣል?

አሁን ደግሞ ወደ ሌላው ወገን። በዚያው ሰሞን የጋዜጦቹ የፊት ገጽ የቤተ ክህነት ነበር። አቡነ ጳውሎስ ነሐሴ 10 ቀን 2004 ዓ.ም. ካረፉ ወዲህ መንበሩ ባዶ ነው። 4ኛው ፓትርያርክ አቡነ መርቆሬዎስ በአሜሪካ በስደት አሉ። በኅዳር መጨረሻ የሁለቱ ወገን አባቶች ዳላስ ላይ ለዕርቅ ተቀመጡ። ቀጥሎ ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ አቡነ መርቆሬዎስ ወደ መንበራቸው ይመለሱ የሚል ደብዳቤ ጻፉ፤ ብዙ ሳይቆዩ ደብዳቤውን ራሳቸው ሻሩት። በጥር ወር ደግሞ ቅዱስ ሲኖዶስ 6ኛውን ፓትርያርክ ወደ መምረጡ እንደሚሄድ አስታወቀ። መሠረታዊው ጥያቄ የቀኖና ጥያቄ ነበር፤ ፓትርያርክ በሕይወት እያለ በእግሩ ሌላ ይሾማል ወይስ አይሾምም? ይህን የሚያስረዳ ጽሑፍ ግን በዚያ ወር በጣት የሚቆጠር ነው። የቀረው ሁሉ በኳስ ቋንቋ ነበር። ማን መራ፣ ማን ተቀየረ፣ ማን ከሜዳ ወጣ፣ የየትኛው ወገን ደጋፊ በዛ። የፕሬዚዳንቱ ደብዳቤ እንደ ከጨዋታ ውጭ ግብ ነው የተወራው፤ ተቆጠረ፣ ተጨበጨበ፣ የመስመር ዳኛው ባንዲራ ተነሣ። ቀልዱ ጥሩ ነው፤ እኔም ስቄአለሁ። የካቲት 21 ምርጫው ተካሄዶ አቡነ ማትያስ ከ806 ድምፅ 500 ሲያገኙ ግን ውጤቱ እንደ ጨዋታ ውጤት ተነገረና ነገሩ ያለቀ መሰለ። ያለቀው በ2010 ዓ.ም. ሐምሌ አቡነ መርቆሬዎስ ሲመለሱ ነው።

እንግዲህ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ቋንቋዎች ቤት ተቀያየሩ ማለት ነው። ኳሱ በስንክሳር ቋንቋ፣ ሲኖዶሱ በሊግ ቋንቋ። ለማሰብ የሚያስፈልገው ቃል ከሁለቱም ቦታ ጠፋ። ስለ ኳሱ ለመናገር አሰላለፍ፣ ትንፋሽ፣ ቅያሪ፣ የ10 ሰው አያያዝ ያስፈልግ ነበር፤ ስለ ቤተ ክርስቲያኒቱ ደግሞ ቀኖና፣ ታሪክ፣ ኀዘን። ይህ የሰነፍ ጸሐፊ ልውውጥ ነው። የምለውን አውቃለሁ፤ ከሰነፎቹ አንዱ ነበርኩና።

በመሐል አንድ ነገር ልጨምር። የእግር ኳስ አማርኛችን በራሱ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ብዙም የራቀ አይደለም። «ፍጹም ቅጣት ምት» የሚለውን ቃል ማን እንዳወጣው አይቼ ባመሰገንኩት። «ፍጹም» ማለት ለኛ ጆሮ የጸሎትና የድርሳን ቃል ነው፤ «ቅጣት» ሲከተለው የምጽአት ቀን ይመስላል። በ12 እርምጃ ርቀት ላይ አንድ ሰው ብቻውን ይቆምና ይፈረድበታል። ሳላዲን ያን ዕለት እንደዚያ ሆኖ ቆመ። እንዲህ ያለ ቃል ያለው ሰው ተአምር የሚል ቃል ለምን ይለምናል?

ወደ ቤቱ ልመለስና ያልጻፍኩትን ልናገር። አዳነ ሲያገባ አንዱ ጎረምሳ ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ የጥምቀቱ ስጦታ ነው፣ ታቦቱ ረዳን እያለ ጮኸ፤ ሁላችንም ተቀበልነው። እኔ ከሁሉ በላይ። ልብስ ሰፊው ጎረቤቴ አብረው ተነሥተው አጨብጭበው ነበር፤ ያን ሲሰሙ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ቆይቶ፣ ግርግሩ በረድ ሲል፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፦

«ልጄ፣ እኔም እኮ ዱዓ አድርጌ ነበር። የኔን ማን ቆጠረው?» አሉኝ።

ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። እሳቸውም ሳቁ፤ ሰው ሲስቅበት የሚስቀውን ሳቅ። ይህ ቅጠሏ ላይ የለም። ከዚያ ቤት ወጥቼ፣ ክፍሌ ገብቼ፣ መብራት አብርቼ ያን ገጽ ስጽፍ የሰማሁት አረፍተ ነገር ገና ጆሮዬ ውስጥ ነበር፤ ከሁሉ የሚሻለው አረፍተ ነገርም እሱ ነበር። ተውኩትና «በታቦቱ ማግስት» ከሚለው ሥር አሰመርኩ።

ጥር 17 ዐርብ ቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0 አሸነፈችን። ከ4ቱ ግቦች 3ቱን ያገባችው ግብ ጠባቂዋ በቀይ ካርድ ወጥቶ በ10 ሰው እየተጫወተች ነው። ከ4 ቀን በፊት እኛ ላይ የወረደው ተአምር መሆኑ ነው፤ አሁን ግን ተአምር ያለው ሰው አልሰማሁም። ቤቱ ውስጥ የተሰማው ሌላ ነው፦ ኃጢአታችን በዛ፣ ሰው ክፉ ሆነ፣ እግዚአብሔር ፊቱን መለሰ። ድሉን የሰጠ ሽንፈቱንም ይስጥ ነው ነገሩ። የቡርኪና ፋሶ ተጫዋቾች ከእኛ ይልቅ ጠንክረው መሥራታቸው በሁለቱም ቋንቋ ሊነገር አልቻለም። ልብስ ሰፊው ጎረቤቴ ሻያቸውን ጨርሰው ሲነሡ፣ «ዛሬስ የማን ጸሎት ቀረ ሊሉ ነው?» ብለውኝ ሄዱ። በዚያ ቀን አልሳቅኩም።

ጥር 21 ማክሰኞ፣ በአስተርእዮ ማርያም፣ ሩስተንበርግ ላይ ናይጄሪያን እስከ 80ኛው ደቂቃ ድረስ ባዶ ለባዶ ያዝናት። ቪክተር ሞሰስ 2 ፍጹም ቅጣት ምቶች አገባ። በሁለተኛው ግብ ጠባቂው ሲሳይ ባንጫ ከሜዳ ወጣ፤ ቅያሪያችን አልቆ ነበር፤ አማካዩ አዲስ ሕንጻ ጓንት አጥልቆ በረኛ ሆነ። ካየሁት ሁሉ የማልረሳው ይህን ነው። ሥራው ያልሆነውን ሥራ፣ ያለቀ ጨዋታ ላይ፣ ሊድን የማይችል ኳስ ፊት ቆሞ። ከምድባችን ናይጄሪያና ቡርኪና ፋሶ ለፍጻሜ ደረሱ፤ ናይጄሪያ 1 ለ 0 አሸንፋ ዋንጫውን ወሰደች። እኛ የተሸነፍነው ለፍጻሜ በደረሱት በሁለቱ ቡድኖች ነው፤ ይህንንም የሚጽፍ ሰው ያኔ አላገኘሁም።

ቅጠሏን ከመመለሴ በፊት ገለበጥኳት። ጀርባዋ ላይ በእርሳስ አንዲት መስመር አለች፦ «ለልብስ ሰፊው፣ የሱሪ ማሳጠሪያ፣ 25 ብር»። እንደከፈልኩ የሚያሳይ ምልክት የለም።